ከሽንት ቤቱ በታች ያለው ምንጭ

እሑድ፣ ሐምሌ 13 ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። አክስቴ ከቅዱስ ቁርባን መታገዷ በቤተ ክርስቲያኑ ሞንታርቦ ተነበበ።

ከእሷ ጉዳይ በፊት የተነበበው ማስታወቂያ፣ ባለፈው እሑድ አግዳሚ ላይ ተረስቶ ስለተገኘ ጥቁር ጃንጥላ ነበር። ከእሷ ቀጥሎ የተነበበው ደግሞ የመዘምራን ልምምድ ከሐሙስ ወደ ዓርብ መዛወሩን የሚገልጽ ነው። የሽማግሌዎቹ ጸሐፊ ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ድምፅ አነበባቸው፤ መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ፣ ቀጥሎ ከሌላ ቦታ ተመድበው ለመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ሲባል በአማርኛ። ስለዚህ አክስቴ ሁለት ጊዜ ታገደች።

ቃሉን በመዝሙር ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩት፤ የሥራ ልማድ ነው። «ለባዕድ አምልኮ ይውል በነበረው ምንጭ ዘንድ በየቅዳሜው ማለዳ እንደምትገኝ ስለተረጋገጠ» ይላል። ሽማግሌዎች ፊት ቀርባ ሁለተኛ እንደማትሄድ ካልተናገረች፣ በሦስተኛው እሑድ፣ ነሐሴ 4 ቀን፣ ስሟ ከአባላት መዝገብ ይሰረዛል።

አጠገቤ የተቀመጠችው አክስቴ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለተኛው ንባብ ሲያልቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«ጃንጥላው የኔ ነው» አለች። «ስንወጣ ተቀበልልኝ።»

የአባቴ እኅት ናት። በእኛ አገር የአባት እኅት አዳዳ ትባላለች፤ እሷን ግን የከተማው ሰው ሁሉ አዳዳ ይላታል። ሰባ ዓመት አልፏታል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያደግኩት እሷ ቤት ነው። ይህ ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት፣ ምእመናኑ በአንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ይሰበሰቡ በነበረበት ጊዜ፣ ወለሉን ትጠርግ የነበረችው እሷ ናት። ባሏ ከሕንፃው በስተጀርባ ባለው መቃብር ተቀብሯል። እዚያ የሚቀበረው ስሙ በመዝገቡ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው። ከባሏ በስተግራ አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ አለ፤ ሌላ እንዳይወስደው ራስጌውና ግርጌው ላይ ድንጋይ ያስቀመጠችው ራሷ ናት። ስሟ ተሰረዘ ማለት ያ ቦታ ቀረ ማለት ነው። ይህንን በዚያ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ጸሐፊውም ያውቃል።

የከተማዋን ስም ትቼዋለሁ። ከነቀምት ወጥተው በኡኬ በኩል ከሚያልፉባቸው የመንገድ ዳር ከተሞች አንዷ ናት፤ ሁለት ረድፍ ሱቅ፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ከኮረብታው ግርጌ ደግሞ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰዎች መንደር። እኔ የሬድዮ ዘጋቢ ነኝ። የዓመት ፈቃዴን ሁልጊዜ የምወስደው ትምህርት ቤት ሲዘጋ በክረምት ነው። በዚህ ዓመት ልጆቼ ከእናታቸው ጋር ወደ ጅማ ስለሄዱ ብቻዬን መጣሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆምኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ያን እሑድ የሄድኩት መንገዱ ስለሚያንሸራትት እጇን ልይዝላት ነው።

ጃንጥላውን ከጸሐፊው ተቀብዬ ወጣን። እሱም ሲሰጠኝ ፈገግ ብሎ «እንኳን ተገኘ» አለኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጥያቄዬን ጀመርኩ።

«ምንጩ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እጠርጋለሁ።»

«ሌላስ?»

«ቅጠል አወጣለሁ። እንቁራሪት ካለ እንቁራሪት አወጣለሁ።»

«ትጸልያለሽ?»

«አፌን ዘግቼ ጠርጌ አላውቅም።»

«ሣር ትጎዘጉዣለሽ? ቅቤ ትቀቢያለሽ?»

ቆመች። ጃንጥላውን ከእኔ ራስ ላይ ወደ ራሷ ሳበችው።

«አንተም ከጸሐፊው ጋር ሆንክ?»

መጠየቅ ያለበትን መጠየቄ ነበር። እስከ ቤት ድረስ በዝናብ ሄድኩ።

እዚህ ላይ በጉዳዩ ውስጥ እጄ ያለበት መሆኑን መግለጽ አለብኝ። በዘገባ ሥራ ይህን የደበቀ ሰው ሌላው የጻፈው ሁሉ አይታመንም።

በልጅነቴ ምንጩ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አሮጊቶች እርጥብ ሣር ይዘው ይመጡና፣ የዛፉን ግንድ ቅቤ ቀብተው፣ ስለ ውኃው አመስግነው ይሄዱ ነበር። እኛ ቤተ ክርስቲያን ቦታው የሰይጣን መንበር ይባል ነበር። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረስኩ፣ በክረምቱ ዕረፍት፣ የወጣቶች የሥራ ዘመቻ ተደረገ። በመጀመሪያው ሳምንት ሾላውን ቆረጥን፤ ሁለት ቀን ፈጀብን። በሁለተኛው ሳምንት ለቤተ ክርስቲያኑ ሽንት ቤት ጉድጓድ ቆፈርን። ግቢው ሰፊ ነው፤ በመንገዱ በኩል ሜዳ አለ። ዘመቻውን የሚመሩት ሰው ግን፣ በቀን የሒሳብ መምህራችን የነበሩት፣ ከምንጩ ትክክል በላይ ያለውን የዳገት ጫፍ በጣታቸው አሳዩንና፣

«ለዚያ ቦታ የሚገባው ስጦታ ይኸው ነው» አሉ።

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ከላይኛው ሣር እስከ ደረቴ ድረስ ያለውን የቆፈርኩት እኔ ነኝ።

ምንጩን የሚጠጣ ሰው መኖሩን አናውቅም ነበር ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። የሰፋሪዎቹ ሴቶች እንስራ ተሸክመው በአጠገባችን ያልፉ ነበር። አንዳንዶቹ ዶማችንን አይተው «በርቱ» ብለውን አልፈዋል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአክስቴ ጋር ወረድኩ። አንዲት ሴት ቀድማን ደርሳ ቀሚሷን ወገቧ ላይ እየሸጎጠች ነበር። በዕድሜ ከአክስቴ ጥቂት ታንሳለች። ከወሎ ስትመጣ ሁለት ልጆች አዝላና አስከትላ ነበር፤ አሁን የልጅ ልጆች አሏት። ሙስሊም ናት፤ አለላ እየቀለመች ሰፌድና ሌማት ትሰፋለች። አክስቴ በተሰባበረ አማርኛ፣ እሷ ደግሞ በወሎ ቅላፄ ኦሮምኛ ነው የሚነጋገሩት። እያንዳንዳቸው የሌላዋን ቋንቋ የሚናገሩት ለአክብሮት ነው፤ መተራረማቸው ግን አይቀርም።

«ይሄ ነው የሬድዮው?» አለች እኔን እያየች። «በድምፁ ወፍራም ነበር የሚመስለኝ።»

«ወሬ ነው ያከሳው» አለች አክስቴ።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ?»

«አንቱ አትበለኝ የኔ ጌታ፤ ገና አላረጀሁም። እሷ ናት ያረጀችው።»

ሁለቱም ምንጩ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። አክስቴ «ዋቃዮ፣ ቢሻን ካና ኑፍ ኤጊ» አለች፤ አምላክ ሆይ፣ ይህን ውኃ ጠብቅልን ማለት ነው። ሴትዮዋ መዳፎቿን ዘርግታ «ቢስሚላህ፣ ያ ረቢ ውኃችንን ጠብቅልን» አለች። ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ አካፋቸውን አነሱ። «ስለተረጋገጠ» የተባለለት ባዕድ አምልኮ በሙሉ ይህ ነበር።

አምላክን በዘገባ ውስጥ አስገብቼ አላውቅም፤ አስተያየቱን መጠየቅ አይቻልም። ሁለት ምስክሮች አንድ ነገር ሲናገሩ ግን መጻፍ ይፈቀዳል። እነዚህ ሁለቱ በየቅዳሜው ስለሚገናኙ ሳይመካከሩ የተናገሩ ናቸው ለማለት ይከብዳል። እኔ ማለት የምችለው ይህን ብቻ ነው፤ ላይ አዳራሹ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጬ ያልተሰማኝ ነገር፣ እዚያ ጭቃ ውስጥ በቆምኩበት ግማሽ ደቂቃ ተሰማኝ። እኔም ኮፍያዬን አውልቄ ነበር፤ መቼ እንዳወለቅኩት አላስታውስም።

ቀጥሎ ሽታው መጣ።

መጀመሪያ ያወጣነው ቅጠልና የተለመደ ደለል ነው። ከላይ በኩል ያለውን የድንጋይ ካብ ስንነካው ግን ግራጫ የሆነ፣ እንደ ሙጫ የሚሳብ ዝቃጭ ከድንጋዮቹ መሀል ወረደ። ውስጡ ቀጫጭን ትል ነበር። በሥራዬ ምክንያት ብዙ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሽበት ቦታ ቆሜ ቀርጬ አውቃለሁ። ያን ጠዋት ወደ ጎን ሄጄ ቁርሴን መለስኩ። ሴቶቹ ማውጣታቸውን አላቋረጡም።

«ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ነው» አለች ሴትዮዋ። «የልጅ ልጆቼ ሆዳቸውን ከታመሙ ወር አለፋቸው። ጤና ጣቢያ ስንወስዳቸው ውኃ አፍሉ ይሉናል። እንጨቱ ሁሉ ረጥቦ በምን እናፍላው?»

«ቧንቧስ?»

«ቧንቧው የላይ ሰፈር ነው። እኛ ጋ እስኪወርድ እኛ እንወርዳለን፤ ወደ አፈር።»

አክስቴ ሳቀች። ሴትዮዋ አካፋዋን ተደግፋ ወደ እሷ ዞረች።

«ለነገሩ አዳዳ፣ ከባረሩሽም አብሽሪ። እኛ መቃብር ቦታ ሞልቷል። ሳጥን ግን የለንም፤ በከፈን ነው።»

«ይሻላል። ሳጥን ይሞቃል።»

«ቂብላ ትዞሪያለሽ።»

«ወዴት ነው እሱ?»

«በጤና ጣቢያው በኩል።»

«እሱንስ ለምጄዋለሁ» አለች አክስቴ። ሁለቱም እየሳቁ ጥቂት ሠሩ። ከዚያ አክስቴ ቀና ብላ ወደ ኮረብታው አየች፤ ከታች ሆኖ የመቃብሩ አጥር ይታያል።

«እሱ ግን ብቻውን ይቀራል» አለች። ባሏን ነው።

ዝቃጩ ከየት እንደመጣ ሦስታችንም ገምተናል፤ ግምት ግን ዘገባ አይደለም። ሴትዮዋን ምን ዓይነት የአለላ ቀለም እንዳላት ጠየቅኳት።

«ቀይም አለኝ፣ ሐምራዊም አለኝ። ምነው፣ ልትሰፋ ነው?»

«ላይኛው ሽንት ቤት ውስጥ ልጨምረው ነው።»

ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም።

«ሐምራዊውን ውሰድ» አለች። «ቀዩን ከአፈሩ አትለየውም።»

እውነቷን ነው፤ የወለጋን አፈር ያየ ሰው ያውቀዋል። ቀለሙ ለሣር እንጂ ለሆድ የተሠራ ስላልሆነ፣ ሴትዮዋ ያን ዕለት ማታ በየቤቱ ዞራ፣ መንደሩ የሁለት ቀን ውኃ ቀድቶ እንዲያስቀምጥና እሑድና ሰኞ ማንም እንዳይቀዳ ነገረች። የበቃው በቃው፤ ያልበቃው ደርሶ መልስ ሰዓት ተኩል ወደሚያስኬደው ወደ ሌላው ምንጭ ሄደ። ከላይ ሰፈር መጥቶ ከእኛው ምንጭ የሚቀዳ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

እሑድ፣ ሐምሌ 20፣ ስብከቱ መሀል ላይ ሲደርስ ወጣሁ። ሽንት ቤቱ የቆርቆሮ በር ያለው፣ በየክረምቱ ለሚመጡ የጉባኤ እንግዶች ተብሎ ሁለት ጊዜ የሰፋ፣ ጉድጓዱ ግን እኛ የቆፈርነው ነው። እስከ አፉ ሊሞላ የቀረው አንድ ክንድ ነው። ከላዩ የሚፈላው ነገር ይንቀሳቀስ ነበር። ወለሉ እርጥብ ነው፤ በምን እንደረጠበ ለማጣራት አልፈለግኩም። ግድግዳው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «እግዚአብሔር ንጹሕ አምላክ ነው፤ ንጽሕናን ጠብቁ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሁለት ፓኬት ቀለም በባልዲ በጥብጬ ደፋሁ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ አስከተልኩ። ሰዓቴ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ይል ነበር። ወጥቼ እጄን ታጠብኩ፤ ከአምልኮ በኋላ የሚታደለውንም ሻይ እንደ ማንኛውም ሰው ጠጣሁ።

ቀኑን ሙሉ ምንጩ ዳር ተቀመጥኩ፤ ምንም የለም። ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ከላይኛው ካብ መሀል እንደ ክር የቀጠነ ሐምራዊ ውኃ ወረደ። ሃያ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ፈጅቶበታል። ሁለት ሰዓት ሲሆን ኩሬው በሙሉ ሐምራዊ ነበር። በሦስት የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዳሁና ሰዓቱን ጻፍኩባቸው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ስንት ዓመት ነው ይሄንን የጠጣነው?» አለች። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። አልነገርኳትም።

ለአክስቴ የነገርኳት ያን ዕለት ማታ ነው። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩና ለሽማግሌዎቹ እንደማሳየው፣ ጥፋቱ የእነሱ መሆኑ ሲታይ እገዳውን ማንሳታቸው እንደማይቀር አስረዳኋት።

«በዚህ ልታስመልሰኝ ነው?»

«ማስረጃ ነው እኮ።»

«የሽንት ቤቱ ማስረጃ ነው። ለሽንት ቤቱ አቅርበው። እኔ ሽንት ቤቱ ባይኖርም እሄድ ነበር፤ ይሄንን ካላመኑ መዝገባቸው ላይ ያለችው ሌላ ሰው ናት።»

ያን ጊዜ ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ እኔ መሆኔን ነገርኳት። በሕይወቴ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «ልብስህን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ?»

«ምንጩን መጥረግ የጀመርሽው መቼ ነው?»

«በዚያው ክረምት» አለችና ፋኖሱን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዱን ጠርሙስ ይዤ ወደ ሰብሳቢው ቤት ሄድኩ። የዛሬው የሽማግሌዎች ሰብሳቢ፣ ያኔ ዳገቱን በጣታቸው ያሳዩን የሒሳብ መምህር ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል። ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሉኝ፤ «አካም ጅርታ ኢልማኮ» አሉኝ፣ ልጄ ሆይ እንዴት ነህ ማለት ነው። ባለቤታቸው ለሁለታችንም ውኃ በብርጭቆ አቀረቡልን። መንገዱ ዳገት ስለሆነ ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁ።

ያደረግኩትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት።

«ቀለሙ ከመጨመሩ በፊት የቀዳኸው ሌላ ጠርሙስ አለህ?»

«አለኝ፣ ጋሼ፤ ቅዳሜ የቀዳሁት።»

«ጎበዝ። ሙከራው ትክክል ነው።» ጠርሙሱን መለሱልኝ። «ከጉባኤው በኋላ እናየዋለን። በነሐሴ ከየወረዳው እንግዳ ይመጣብናል፤ አሁን ሽንት ቤት ዘግተን የት እናድርጋቸው?»

«ሰው እየታመመ ነው።»

«ያሳዝናል። እንጸልይላቸዋለን። ግን ኢልማኮ፣ እውነቱን ለመናገር ከእኛ አባላት እዚያ የሚቀዳ የለም።»

ደብተሬን አውጥቼ ቃል በቃል ጻፍኩት። እየጻፍኩ መሆኔን እያዩ ነበር፤ አልተቃወሙም። ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሹራባቸው ንጹሕ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ በጥልፍ ልብስ የተሸፈነ ነበር። ከካቡ መሀል የወጣው ትል ያን ያህል አላንገሸገሸኝም።

«የአዳዳስ ጉዳይ?» አልኩ።

«እሱ ሌላ ነው። ሁለተኛ አልሄድም ትበል፣ ይበቃል። አንድ ቃል ናት።»

ባለቤታቸው ትሪውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ትናንት የውኃው ጋሪ አልመጣም» አሉ።

«እሱን ምን አመጣው አሁን?» አሉ ሰብሳቢው።

«ዛሬ ጠዋት መጥቶ፣ ምንጩ ሐምራዊ ሆኖ ነው የቀረሁት አለኝ።»

ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። ሰብሳቢውም የራሳቸውን መለሱ።

«ጋሪው ለቤተ ክርስቲያኑም ያመጣል?» ብዬ ባለቤታቸውን ጠየቅኩ።

«የሻዩን በሙሉ» አሉ፤ እኔን ሳይሆን ባላቸውን እያዩ።

ከዚያ ወጥቼ የአህያ ጋሪ ነጂውን ፈልጌ አገኘሁት። ቧንቧ በሳምንት አንድ ቀን እንደሚመጣ፣ ሰው ግን በየቀኑ እንደሚጠማ፣ ስለዚህ ጋሪ ከያዘ ጀምሮ ለላይ ሰፈር ቤቶች የሚቀዳው ከመሸ በኋላ ፋኖስ ይዞ ከታችኛው ምንጭ መሆኑን ነገረኝ። «ንጹሕ ምንጭ ነው እኮ» አለኝ። «ሁለት አሮጊቶች በየሳምንቱ ይጠርጉታል።»

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1፣ አክስቴ ሽማግሌዎች ፊት ቀረበች። እኔ አባል ስላልሆንኩ ከውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ይሰማል።

«ሁለተኛ አልሄድም በይና እንጨርስ፣ አዳዳ» አሉ ሰብሳቢው። «ማሎ።» ማሎ በእኛ አገር እባክሽ እንደማለት ነው።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

«እዚያ ምን አለ?»

«ውኃ።»

«እግዚአብሔር ያለው እዚህ ነው።»

«እዚህም አለ» አለች አክስቴ። «እዚያ ግን ሥራ ይዟል።»

አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው ወደ ሳል ለወጠው። ስለ ሐምራዊው ውኃ ማንም አላነሳም፤ እሷም አላነሳችም። ከስብሰባው በኋላ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን አሳየኝ። ሽንት ቤቱ «ከጉባኤው በኋላ እንዲታይ» ይላል። በዚያው ሳምንት የተወሰደው እርምጃ አንድ ብቻ ነው፤ ጋሪ ነጂው ለላይ ሰፈርና ለቤተ ክርስቲያኑ የሚያመጣውን ውኃ ከሩቁ ምንጭ እንዲቀዳ ተነገረው። ይህን ከራሱም ከሁለት ደንበኞቹም አረጋግጫለሁ። ለታችኛው መንደር የተነገረ ነገር የለም።

እሑድ፣ ነሐሴ 4፣ አክስቴ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ሳትለብስ ወጣች።

«ዛሬ ቅዳሜ አይደለም» አልኳት።

«አውቃለሁ። ቦዩ ግን አላለቀም።»

ከቅዳሜ ጀምሮ ከካቡ በላይ ዝቃጩ ምንጩን ዞሮ እንዲሄድ የሚያደርግ ቦይ እየቆፈርን ነበር፤ እኔ፣ አክስቴ፣ ሴትዮዋና የሴትዮዋ ልጅ። የምቆፍርበት ቦታ በልጅነቴ ከቆፈርኩት ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል። ዶማው ራሱ ያው የአክስቴ ዶማ ነው፤ እጀታው ብቻ ተቀይሯል። ውኃው አሁንም ይሸት ነበር።

ሞንታርቦው ከላይ በደንብ ይሰማል። አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ፣ ከጉባኤው ዝግጅት ማስታወቂያ ቀጥሎ፣ የአክስቴ ስም ከአባላት መዝገብ መሰረዙ ተነበበ። በኦሮምኛ ሲነበብ አክስቴ ቀና ብላ አዳመጠች። በአማርኛ ሲነበብ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ነበር። ሴትዮዋ አካፋዋን ጣለችና ነጠላዋን አውልቃ አክስቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት።

«ይቆሽሻል» አለች አክስቴ።

«ይታጠባል።»

አራት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሦስት ሴቶች ቁልቁለቱን ወረዱ። ነጭ ለብሰዋል። የፊተኛዋ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ የሰብሳቢው ባለቤት ናቸው። አምልኮው ገና አላለቀም ነበር፤ መዝሙሩ ይሰማል። ቦዩ ጠርዝ ላይ ደርሰው ቆሙ፤ ሽታው ሲያገኛቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«አዳዳ፣ ከየት ልጀምር?» አሉ።

አክስቴ በአካፋዋ ካቡን አሳየቻቸው።

አምስት ሰዓት ላይ ጭቃው ውስጥ ሰባት ሰው ነበርን። ከዚያ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ፣ ከላያችን ያለው የሽንት ቤቱ የቆርቆሮ በር አሥራ አራት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ።